ጂአይኤስን በመጀመሪያ ዲግሪ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ውስጥ የት፣ በምን መረጃና በየትኛው ሶፍትዌር እናስተምር? ለድሬዳዋና ለሐረር መምህራን የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ዙሪያ ጂአይኤስን (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር የሚያከማችና የሚተነትን የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓትን) ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለማስተማር ያሰበ ትምህርት ክፍል ለውይይት ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሦስተኛ ነው። ከእርሱ በፊት ትምህርቱ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የት ይቀመጥ የሚለውና ተማሪው የሚሠራበት መረጃ የየትኛው ቦታ ይሁን የሚለው መልስ ማግኘት አለባቸው። እነዚህ ሳይመለሱ የተገዛ ሶፍትዌርም ሆነ የተሟላ ላብራቶሪ ተማሪውን መመሪያ እያነበበ ቁልፍ ከመጫን አያሳልፈውም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በሲቪል ምህንድስና፣ በውሃ ሀብት፣ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ፣ በስታቲስቲክስና በኮምፒውተር ሳይንስ ለሚያስተምሩ፣ ጂአይኤስ ዋና ሙያቸው ላልሆነ ነገር ግን ለተማሪዎቻቸው እንደሚያስፈልግ ለተረዱ መምህራን ነው።

የምናስተምረው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ምርጫውን ያቀልላል። ሮጀር ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የካናዳን የመሬት ሀብት ለመመዝገብ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ሥርዓት ሲያደራጅ ጂአይኤስ በዋናነት መሣሪያ ነበር። ጂኦግራፈሩ ማይክል ጉድቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ከመሣሪያው ጀርባ ራሳቸውን የቻሉ የሳይንስ ጥያቄዎች መኖራቸውን አሳየ፦ ክብ የሆነችውን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስናውል የሚዛባው ምንድን ነው? አንድ ካርታ ምን ያህል ስሕተት ይሸከማል? በአንድ መጠነ ልኬት የታየ ግንኙነት በሌላው ለምን ይጠፋል? መሣሪያውን ብቻ የተማረ ተመራቂ የሶፍትዌሩ ገጽታ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። ጥያቄዎቹን የተማረ ግን አዲሱን ሶፍትዌር በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል።

ራሱን የቻለ ኮርስ ወይስ በነባር ኮርሶች ውስጥ የተካተተ?

የመጀመሪያው አማራጭ «የጂአይኤስና የሪሞት ሴንሲንግ መግቢያ» (ሪሞት ሴንሲንግ ማለት ምድርን ከሳተላይት ወይም ከአውሮፕላን በሚነሣ ምስል ማጥናት ነው) የሚል ስም ያለው፣ በሳምንት ንድፈ ሐሳብና ላብራቶሪ የያዘ፣ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚወስድ ኮርስ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ ነው፤ ስለ ፕሮጀክሽን (ክብ ምድርን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማውጣት ዘዴ)፣ ስለ ቬክተር (በነጥብ፣ በመስመርና በቅርጽ የተቀመጠ መረጃ) እና ሬስተር (ፒክስል በሚባሉ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፈለ መረጃ)፣ ስለ መረጃ ጥራት፣ ስለ ካርታ አሠራር በቅደም ተከተል ለማስተማር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የማይወሳ ሌላ ጥቅምም አለው። በኮርስ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሰፈረ ትምህርት መምህሩ ለከፍተኛ ትምህርት ሲሄድ ወይም ሲዛወር ሌላ ሰው ይመደብለታል፣ በጀትም ይጠየቅለታል። ጉዳቱ ደግሞ በሁለት በኩል ይታያል። አገር አቀፍ በሆነው የተጣጣመ ሥርዓተ ትምህርት ላይ አዲስ ኮርስ ማከል ለአንድ ትምህርት ክፍል ቀላል አይደለም፤ ሌላ ኮርስ መቀነስን ወይም ረጅም የማጽደቅ ሂደትን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ኮርሱ ከተማሪው የራሱ ሙያ ተነጥሎ ስለሚሰጥ የባዮሎጂ ተማሪ ካርታ መሥራት ተምሮ ካርታው በባዮሎጂ ጥያቄ ላይ ምን እንደሚጨምር ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ ጂአይኤስን በነባር ኮርሶች ውስጥ ማካተት ነው። በሃይድሮሎጂ የተፋሰስ ወሰን ማውጣት፣ በስታቲስቲክስ የቦታ ጥገኝነት (ቅርብ ለቅርብ ያሉ ልኬቶች መመሳሰል)፣ በመረጃ ቋት ኮርስ የቦታ መረጃ ጥያቄ፣ በሥነ ምኅዳር የዝርያ ሥርጭት ይሰጣል። ተማሪው መሣሪያውን የሚያገኘው ጥያቄው በእጁ ባለበት ሰዓት ነው፤ ለምን እንደሚማረው ማስረዳትም አያስፈልግም። እኔ ለአብዛኞቹ የሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ይህንን እመርጣለሁ። ምርጫዬ ግን ሁለት ጥብቅ ሁኔታዎች አሉት።

አንደኛው፣ መሠረቱ አንድ ቦታ ላይ በግልጽ መሰጠት አለበት። በየኮርሱ አንድ አንድ ላብራቶሪ ብቻ ሲበተን እያንዳንዱ መምህር ሌላው አስተምሮታል ብሎ የሚተወው ክፍል ይኖራል፤ ያ ክፍል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የመጋጠሚያ ሥርዓትና ፕሮጀክሽን ነው። ስለዚህ በሁለተኛ ዓመት ከሚሰጡት ኮርሶች በአንዱ ውስጥ፣ ለምሳሌ ለሲቪል ምህንድስና በሰርቬይንግ፣ ለባዮሎጂ በስታቲስቲክስ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ለዚህ መሠረት ብቻ መዋል አለባቸው። ሁለተኛው፣ የተካተተው ትምህርት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ማረፍ የለበትም። ስም የሌለው ትምህርት የሚያውቀው መምህር በሄደበት ሴሚስተር በጸጥታ ይጠፋል። የላብራቶሪ መመሪያውና መረጃው በትምህርት ክፍሉ ስም ተጽፎ ቢቀመጥና ቢያንስ ሁለት መምህራን ሊያስተምሩት የሚችሉ ቢሆን ይህ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሦስተኛው መንገድ ጂአይኤስን ለተመራቂ ፕሮጀክት መተው ነው። ለጎበዝ ተማሪ ይሠራል፤ ለአብዛኛው ግን ይዘገያል። በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ዓመት ላይ ሶፍትዌሩን፣ መረጃውንና የምርምር ጥያቄውን በአንድ ሴሚስተር መሸከም ከባድ ስለሆነ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በፕሮጀክቱ መጨረሻ ላይ የተለጠፈ የጥናት ቦታ ካርታ ብቻ ይሆናል።

ራሱን የቻለውን ኮርስ የምደግፈው ተመራቂው በሥራ ላይ ቀጥታ ለሚፈለግበት ሙያ ነው፤ ለውሃ ሀብት፣ ለጂኦሎጂ፣ ለተፈጥሮ ሀብት አያያዝ፣ ለከተማ ፕላንና ለሲቪል ምህንድስና። ለኬሚስትሪ፣ ለሒሳብ፣ ለኮምፒውተር ሳይንስና ለባዮሎጂ ግን በሚገባ የተካተተ ትምህርት ከተነጠለ ኮርስ የበለጠ ይሰጣል።

የየትኛው ቦታ መረጃ?

በዚህ ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአካባቢያችን ትልቁ የማስተማሪያ ሀብት የተኛው እዚህ ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡ የሌላ አገር ከተሞች መለማመጃ መረጃዎች ንጹሕና የተስተካከሉ ናቸው፤ መምህሩም መልሱን አስቀድሞ ያውቃል። ተማሪው ግን ያንን ከተማ አይቶት ስለማያውቅ ካርታው ሲሳሳት አይነቃም። በድሬዳዋ የደጫቱን ወንዝ ዕለት ዕለት የሚሻገር ተማሪ ግን ወንዙ ከገንደቆሬ ሰፈር በላይ ሽቅብ ሲፈስ የሚያሳይ ውጤት ቢያወጣ ወዲያውኑ ያቆማል። የስሕተት ስሜት የሚገነባው በሚያውቁት ቦታ ላይ ነው።

ከፕሮጀክሽን እንጀምር። ዩቲኤም ምድርን ባለ 6 ዲግሪ ስፋት ዞኖች የሚከፍል የመጋጠሚያ ሥርዓት ነው። የዩቲኤም ዞን 37 የሚሸፍነው ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ሲሆን ዞን 38 ደግሞ ከ42 ዲግሪ ይጀምራል። ድሬዳዋ ከ42 ዲግሪ በስተምዕራብ፣ ሐረር በስተምሥራቅ ናቸው፤ የዞኑ ድንበር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያልፋል ማለት ነው። ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ወጥቶ ወደ ሐረር የሚሄድ ተማሪ አንድ ሰዓት ያህል በሚፈጅ መንገድ ላይ ዞን ይቀይራል። ከዚህ የተሻለ የፕሮጀክሽን ትምህርት በየትም አይገኝም። ተማሪዎቹ በሐረር የተለካ ነጥብ በዞን 38 መዝግበው ሶፍትዌሩ ግን በዞን 37 እንዲያነበው ያድርጉ፤ ነጥቡ 6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ከነቀምት ማዶ ወለጋ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ተከታዩ ጥያቄ ይምጣ፦ ሁለቱን ከተሞች የሚያካትት አንድ ፕሮጀክት በየትኛው ዞን ይሠራ? ስሌቱን ሲሠሩ ሐረርን በዞን 37 ውስጥ ማስቀመጥ የሚያመጣው የርቀት መዛባት በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ያገኙታል፤ ድሬዳዋ ራሷ በዞኗ ጠርዝ ላይ ስላለች ተቀራራቢ መዛባት አለባት። ስለዚህ ለተፋሰስ ወይም ለመሬት አጠቃቀም ጥናት አንዱን ዞን መርጦ ሁሉንም በእርሱ ማዋል ይቻላል። ለመንገድ ወይም ለድልድይ ንድፍ ግን በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ትልቅ ስሕተት ነውና መሐንዲሱ ማስተካከያውን ማስላት አለበት። አንድ ዓይነት መዛባት ለአንዱ ሙያ ኢምንት፣ ለሌላው አደጋ መሆኑን ተማሪው በራሱ ስሌት ሲደርስበት አይረሳውም።

በዚያው ላይ የዴተም (መጋጠሚያዎች የሚለኩበት የምድር ቅርጽ መነሻ) ጉዳይ አለ። በቀድሞው የካርታ ሥራ ኤጀንሲ የታተሙት 1፡50,000 ካርታዎች በአዲንዳን ዴተም የተሠሩ ሲሆኑ የእጅ ስልክ ጂፒኤስ የሚሰጠው ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ መደረብ ነጥቦችን ከ100 ሜትር በላይ ያፋልሳል። በከተማ ውስጥ ይህ አንድን ጉድጓድ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ለማዛወር ይበቃል።

ለውሃ ሀብትና ለሲቪል ምህንድስና ከደጫቱ የተሻለ ርዕሰ ጉዳይ አላውቅም። ከቀዚራና ከመጋላ ሰፈሮች መካከል የሚያልፈው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊት ግን በደቡብ በኩል ካሉት ደጋዎች በወረደው ዝናብ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ተማሪዎች ከከፍታ መረጃ ተነሥተው የተፋሰሱን ወሰን ሲያወጡ በከተማዋ ላይ ዝናብ ሳይኖር ጎርፍ የሚመጣው ለምን እንደሆነ በገዛ እጃቸው ያዩታል። የመረጃ ምርጫው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተወሰደ፣ አንዱ ፒክስል 30 ሜትር የሆነ ነው፤ የአውሮፓው የኮፐርኒከስ ፕሮግራም 30 ሜትር የከፍታ መረጃ ደግሞ ከ2011 እስከ 2015 በተሰበሰበ የራዳር ልኬት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በጊዜ የቀረበና በአብዛኛው የጠራ ነው። ሁለቱም ለተፋሰስ ወሰንና ለዳገት ቁልቁለት ይበቃሉ፤ ሁለቱም ከተማ ውስጥ ጎርፉ የየትኛውን ቤት በር እንደሚደርስ ለመናገር አይበቁም። ራዳሩ የሚመለሰው ከጣሪያና ከዛፍ አናት ነው፤ ከወንዙ ዳር የተሠራ የጥቂት ሜትር መከላከያ ግንብ ደግሞ በ30 ሜትር ፒክስል ውስጥ ይሟሟል። በደማቅ ሰማያዊ ቀለም የተሠራ የጎርፍ ካርታ ለዓይን አሳማኝ ስለሆነ መምህሩ ይህን ገደብ በግልጽ ማስተማር ግዴታው ነው፤ በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ካርታ ሰው የት ቤት እንደሚሠራ የሚወስን ሊሆን ይችላልና።

ባዮሎጂና የኅብረተሰብ ጤና የራሳቸው የከተማ ጥያቄ አላቸው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው፤ በ2022 በድሬዳዋ የተከሠተው የወባ ወረርሽኝም ከእርስዋ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ይህች ትንኝ ረግረጋማ ስፍራ አትጠብቅም፤ በበርሜል፣ በሲሚንቶ የውሃ ማጠራቀሚያና በግንባታ ቦታ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ዝናብንና ከፍታን ብቻ ደርቦ የወባ ስጋት ካርታ የሚያወጣው የተለመደው መለማመጃ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር፣ ብዙ ማጠራቀሚያ ያለበት ቤትና የግንባታ ቦታ ሌየር (የካርታ ንብርብር) ሆነው ሊገቡ ይገባል። ተማሪው ሞዴልን ከመጽሐፍ መቅዳትና ሞዴልን ከቦታው ጠባይ መሥራት ምን ያህል እንደሚራራቁ በዚህ ይማራል።

ለኬሚስትሪ የሳቢያን የጉድጓድ ውሃ አለ። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ የናይትሬት ብክለት በተደጋጋሚ የተጠና ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ተማሪዎች የጥቂት ጉድጓዶችን ውጤት ወስደው በኢንተርፖሌሽን (በተለኩ ነጥቦች መካከል ያለውን በመገመት) ሙሉ ከተማውን የሚሸፍን ባለ ቀለም ካርታ ማውጣት ይወዳሉ። ሶፍትዌሩ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ቢሰጡትም ካርታ ያወጣል። ውሃው በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ በሚሄድበት ቦታ ግን ቅርብ ለቅርብ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች ፈጽሞ የማይመሳሰል ውሃ ሊኖራቸው ይችላል። ጂኦግራፈሩ ዋልዶ ቶብለር እ.ኤ.አ. በ1970 ያስቀመጠው ቅርብ ያሉ ነገሮች ከሩቆቹ ይበልጥ ይመሳሰላሉ የሚለው መርሕ መፈተሽ ያለበት ግምት መሆኑን የስታቲስቲክስና የኬሚስትሪ መምህራን በጋራ ሊያስተምሩት የሚገባ ርዕስ ነው። አንድ ጉድጓድ አውጥቶ በቀሩት መገመትና ግምቱን ከእውነተኛው ልኬት ጋር ማስተያየት ለዚህ የሚበቃ ቀላል ዘዴ ነው።

ወደ ሐረር ስንወጣ በግንብ የታጠረው ጥንታዊው ጀጎል ስለ ፒክስል መጠን የሚያስተምረንን ሌላ ቦታ አያስተምረንም። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ምርጥ ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ወደ 48 ሄክታር የሚሆነው የጀጎል ከተማ በዚህ ምስል 4,800 ያህል ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ ሰው ከሰው ጋር ተጠጋግቶ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መንገዶች አንዳቸውም አይታዩም። እዚያ ላይ የሚሠራው በእግር እየዞሩ የሚሰበሰብ የቬክተር መረጃ ወይም በኦፕን ስትሪት ማፕ (በበጎ ፈቃደኞች በሚሠራው ነፃ ካርታ) የተመዘገበው ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህ የግራፍ (የነጥቦችና የሚያገናኟቸው መስመሮች) ትምህርት ነው፤ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደውን አጭር መንገድ በዳይክስትራ ስልት ፈልገው ውጤቱን በእግራቸው ይፈትሹት፤ በካርታው ላይ ያለ መንገድ ደረጃ ሆኖ ወይም ተዘግቶ ሲያገኙት የመረጃ ጥራት ማለት ምን እንደሆነ ይገባቸዋል።

የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ለለውጥ ጥናት ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደርቆ የነበረ ሲሆን በኋለኞቹ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ የተከፈቱ በመሆናቸው ተማሪው የአረንጓዴና የቅርብ ኢንፍራሬድ ባንዶችን በሚያነጻጽረው የውሃ ኢንዴክስ የሐይቁን ስፋት በየዓመቱ መለካት ይችላል። ላንድሳት 7 ከግንቦት 2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምስል ማስተካከያ ክፍሉ ስለተበላሸ ምስሎቹ ባዶ ሰንበር አለባቸው፤ ሐይቁ ይደርቅ በነበረበት ዘመን ያጋጠመ በመሆኑ ተማሪው ይህን ችግር ማለፍ አይችልም፣ መፍታት አለበት። የንጽጽር ወሩም አንድ መሆን አለበት። የክረምት ምስል ደመና ይበዛበታል፤ የታኅሣሥን ምስል ከሚያዝያው ጋር ማስተያየት ደግሞ ወቅትን ለውጥ ብሎ መጥራት ነው።

የዝናብ መረጃ ለሚፈልጉ ቺርፕስ የተባለው የመረጃ ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ይሰጣል፤ ፒክስሉ ግን ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ባለው ዳገት ላይ ቆላና ደጋን በአንድ ቁጥር እንደሚያጠቃልል መታወቅ አለበት።

ሶፍትዌሩ

አሁን ሶፍትዌሩን መምረጥ ቀላል ይሆናል። በላብራቶሪ ደረጃ ለመጀመሪያ ዲግሪ ኪው-ጂአይኤስን እመርጣለሁ። በነፃ ይገኛል፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፣ አንዴ በፍላሽ ተገልብጦ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ተማሪው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ወደ ማደሪያው ይወስደዋል፤ ከሁሉም በላይ ከተመረቀ በኋላ በወረዳ ወይም በውሃ ቢሮ ሲቀጠር አብሮት ይሄዳል። ጉዳቱ ስሪቶቹ ቶሎ ቶሎ መቀያየራቸውና አንዳንድ ፕለጊኖች (ተጨማሪ መገልገያዎች) ከአዲስ ስሪት ጋር መጣላታቸው ነው። መፍትሔው ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠውን ስሪት መርጦ በዓመቱ ውስጥ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ እርሱን ብቻ መጠቀም ነው።

አርክጂአይኤስ ፕሮ በብዙ ፕሮጀክት ቢሮዎችና በአማካሪ ድርጅቶች የሚሠራበት ነው፤ የካርታ አቀራረቡና የኔትወርክ ትንተናው ጠንካራ ነው። ሆኖም በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። የነባሩን አርክማፕ (ከአርክጂአይኤስ ፕሮ በፊት የነበረው ሶፍትዌር) የላብራቶሪ መመሪያ እስካሁን የሚጠቀሙ ትምህርት ክፍሎች ደግሞ አምራቹ ድጋፉን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2026 የሚያበቃ አድርጎ እንዳሳወቀ ማወቅ አለባቸው፤ መመሪያው የግድ ይጻፋል፤ ከተጻፈ አይቀር በነፃው ሶፍትዌር ቢጻፍ ይሻላል። ፈቃድ በሌለው የተሰበረ ቅጂ ማስተማር ግን ከነጭራሹ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ለተማሪው የሙያ ሥነ ምግባር መጥፎ ምሳሌ ከመሆኑም በላይ ቫይረስ የሚገባበት በር ነው። ለሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ሕጋዊ ፈቃድ ካለ ሁለት ሦስት ላብራቶሪ በአርክጂአይኤስ ፕሮ መጨመር ለሥራ ዓለም ይጠቅማል።

ጎግል ኧርዝ ኤንጂን ከሁለቱም ይለያል። ስሌቱ የሚሠራው በጎግል ማሽኖች ላይ ስለሆነ ደካማ ላፕቶፕ ችግር አይሆንም፤ የሐረማያን የአርባ ዓመት ምስል አውርዶ ማስቀመጥም አያስፈልግም። ለትምህርትና ለምርምር በነፃ ይሰጣል፤ ግን ምዝገባ፣ የጃቫ ስክሪፕት ወይም የፓይተን ዕውቀትና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። መብራት ወይም መስመር በላብራቶሪው ሰዓት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ እርሱን በክፍል ውስጥ እንደ ዋና መሣሪያ ከማድረግ ይልቅ ተማሪው መስመር ሲያገኝ የሚሠራው የቤት ሥራ ማድረግና ውጤቱን እንደ ፋይል አውርዶ በኪው-ጂአይኤስ እንዲጨርሰው ማድረግ ይመረጣል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ፖስትጂአይኤስን (የቦታ መረጃ የሚይዝ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር) በመረጃ ቋት ኮርሱ ውስጥ ቢያስገባ፣ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍልም ተማሪዎቹ በለመዱት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በአር (R) ቢሠራ ተገቢ ነው። ኮምፒውተር ጨርሶ ለማይበቃበት ክፍል የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በታተመ 1፡50,000 ካርታና በገላጭ ወረቀት መደረብ ማስተማር የሚያሳፍር አይደለም፤ የመደረብን ሐሳብ በእጁ የሠራው ተማሪ በኋላ ላይ ሶፍትዌሩ የሚያደርገውን ያውቃል።

ላብራቶሪውና ምዘናው

በላብራቶሪ ውስጥ ሁለት አካሄዶች አሉ። አንዱ እያንዳንዱን ጠቅታ በቁጥር የዘረዘረ መመሪያ መስጠት ነው፤ ሌላው ጥያቄውንና መረጃውን ሰጥቶ መንገዱን ለተማሪው መተው ነው። ብዛት ባለው ክፍል የመጀመሪያው ሥርዓት ያስይዛል፤ እርሱ ብቻ ሲሆን ግን ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ካርታ ያስረክባል፣ ማንም ለምን ያንን እንደሠራ አይናገርም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ላብራቶሪዎች በዝርዝር መመሪያ፣ ቀጣዮቹን በጥያቄ ብቻ ማድረግ ሁለቱን ያጣምራል። ሆን ተብሎ ስሕተት የተቀበረበት መረጃ መስጠትም ጠቃሚ ነው፤ ለምሳሌ በዲግሪ የተቀመጠ ሌየር ሰጥቶ የ500 ሜትር ክልል እንዲያወጡ መጠየቅ። ሶፍትዌሩ 500ን በዲግሪ ሊወስደው ይችላል፤ ተማሪው ውጤቱን አይቶ ከመቀበሉ በፊት ማቆም ይለምዳል።

ኩረጃን ለመቀነስ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ንዑስ ተፋሰስ ወይም የተለየ ቀበሌ መስጠት ይቻላል፤ ዘዴው አንድ፣ መልሱ ግን የየግል ይሆናል። ከካርታው ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ይጠየቅ፦ መረጃው ከየት መጣ፣ በየትኛው ፕሮጀክሽን ነው፣ ካርታው ምን ሊያሳይ አይችልም? ለዚህ ገጽ ከካርታው ውበት የበለጠ ነጥብ መስጠት አለበት ብዬ አምናለሁ። ካርታው ለቀበሌ ነዋሪ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ነዋሪው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ መሆን አለበት። የፊደል ጽሑፍ ያለበት ሠንጠረዥ በዩቲኤፍ 8 (የፊደላት ኮድ አሰጣጥ) ካልተቀመጠ ስሞቹ የጥያቄ ምልክት ሆነው ስለሚወጡ ይህም በመጀመሪያው ሳምንት የሚነገር ነው።

የመስክ ሥራው ኮቦቱልቦክስ ወይም ኪውፊልድ በተባሉ የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎች በእጅ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ሊሰበሰብ ይችላል። የስልክ ጂፒኤስ በገላጣ ቦታ እስከ 5 ሜትር አካባቢ ይሳሳታል፤ በጀጎል ግንቦች መካከል ስሕተቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ የልኬቱን ትክክለኛነት የሚያሳየው ቁጥር ከነጥቡ ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት። በድሬዳዋ ለመስክ የሚመቹት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ናቸው፤ ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ደመናም ስለሚያንስ በዚያው ሰሞን የተነሣ የሳተላይት ምስል ከመስክ ነጥቦቹ ጋር በአንድ ወቅት ይገጥማል። ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት የትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ለቀበሌው አስተዳደር መድረስ አለበት፤ የመኖሪያ ቤቶችን ነጥብ ከታማሚ ስም ወይም ከስልክ ቁጥር ጋር መመዝገብ አይፈቀድ፤ የባቡር፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የጸጥታ ተቋማት ዙሪያ ከመለማመጃው ክልል ውጭ ይደረግ፤ ድሮን ለመጠቀም የሚያስብ መምህርም ፈቃዱን ከሴሚስተሩ መጀመሪያ በፊት ይጠይቅ።